የዓይን ሥር ክሬም ከመግዛት በፊት፦ አራት ምርቶች፣ አራት የተለያዩ ችግሮች

የዓይን ክሬም የሚያመርቱ ኩባንያዎች በማሸጊያቸው ላይ የሚያሰፍሩት ተስፋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥቁረትን ያጠፋል፣ እብጠትን ይቀንሳል፣ ሽብሽብን ያለሰልሳል፣ ደረቅነትን ያስወግዳል ይላል። እነዚህ አራት ችግሮች ግን መነሻቸው ለየቅል በመሆኑ አንድ ክሬም አራቱንም እኩል ሊያስተካክል አይችልም። ስለዚህ በዚህ ግምገማ የተመለከትኳቸውን ምርቶች ከአንደኛ እስከ አራተኛ በደረጃ አልደረደርኳቸውም። የተመለከትኩት እያንዳንዱ ለየትኛው ችግር እንደተሠራ፣ ለዚያ ችግር ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ እንዲሁም እንደ እኛ ከቀይ ዳማ እስከ ጠይምና ጥቁር ባለው ቆዳ ላይ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ነው።

ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ እጅግ ስስ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ውፍረቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች በዚህ ቦታ ጥቂት በመሆናቸው ቶሎ ይደርቃል፤ ቀኑን ሙሉ ዓይናችንን ስናርገበግብና ስንስቅ ስለሚታጠፍም ቶሎ ይሸበሸባል። ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች በስስነቱ ምክንያት ወደ ላይ ይታያሉ፣ ፈሳሽም በቀላሉ ይጠራቀምበታል። ጉንጭ ላይ ተቀብቶ ምንም ያላደረገ ክሬም ዓይን ሥር ሲደርስ የሚያቃጥለው ወይም የሚያሳክከው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከግዢው በፊት መደረግ ያለበት ነገር ምንም ገንዘብ አያስወጣም። በቀን ብርሃን ከመስኮት አጠገብ ቆሞ፣ መስታወት ይዞ፣ የዓይን ሥር ቆዳን በጣት በዝግታ ወደ ጎን ሳብ ማድረግ ይበቃል። ቆዳው ሲሳብ ቡናማው ጥቁረት ቀለሙን ሳይለውጥ አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይም ወደ ላይኛው የዓይን ቆብ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው በቆዳው ውስጥ የተከማቸው ሜላኒን፣ ማለትም ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። ሲሳብ ይበልጥ ጎልቶ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ከሆነ ከስሱ ቆዳ በታች የሚታየው የደም ሥር ነው። ቆዳው ሲወጠርና ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የምናየው ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው፤ ከዓይን ሥር ያለው ጎድጓዳ ወይም ወደ ውጭ የገፋው የስብ ከረጢት የሚጥለው ጥላ ማለት ነው። ጠዋት ጎልቶ ታይቶ ወደ ቀትር የሚቀንስ እብጠት የፈሳሽ መጠራቀም ነው። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተደራርበው ይገኛሉ፤ እንደዚያም ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ያይላል፣ ገንዘቡም መውጣት ያለበት ላየለው ነው።

ጥላ የሆነውን እዚህ ላይ ብጨርሰው ይሻላል፤ ለእሱ የሚሆን ክሬም የለም። በዕድሜ ወይም በዘር የመጣ ጎድጓዳ በቅባት አይሞላም፣ የስብ ከረጢትም በካፌይን አይሟሽሽም። ለዚህ መፍትሔ የሚሰጡት በመርፌ የሚደረግ ሙሌትና ቀዶ ሕክምና ሲሆኑ፣ ሁለቱም በዓይን አካባቢ የሚሠሩ በመሆናቸው ከሠለጠነ ሐኪም ውጭ ሊታሰቡ አይገባም። ጥላ ላለበት ሰው ውድ ክሬም የሚሸጥ ሻጭ ገዢውን እያታለለው ነው ለማለት አልቸገርም።

በሐበሻ ቆዳ ላይ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም የሜላኒን ጥቁረት ነው። ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚወረስ በመሆኑ እናትና ልጅ፣ አክስትና የእህት ልጅ ተመሳሳይ የዓይን ሥር ይኖራቸዋል፤ እንዲህ ያለው ጥቁረት በእንቅልፍ ማጣት ሊጎላ ቢችልም ተኝቶ በማደር ብቻ አይጠፋም። ከዚህ በተጨማሪ ቆዳችን አንድ ጠባይ አለው። በመቆጣት፣ በሽፍታ፣ በማከክ ወይም በመቃጠል የተጎዳ ቦታ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉር ፊት ላይ ጥሎት የሚሄደው ጠባሳ መሰል ጥቁረት ከዚሁ የመጣ ነው። በአለርጂ ምክንያት ዓይኑን ዘወትር የሚያሽ ሰው የዓይን ሥሩ የሚጠቁረውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ጠባይ ያላገናዘበ የክሬም ምርጫ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ጥቁረትን ለማጥፋት የተቀባ ጠንካራ ክሬም ቆዳውን አስቆጥቶ ከፊተኛው የባሰ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉትን ምርቶች ስመዝን በመጀመሪያ የጠየቅሁት «ምን ያህል ይሠራል?» ብዬ ሳይሆን «ምን ያህል ያስቆጣል?» ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ምርት የሴራቪ የዓይን ክሬም ነው። ሴራቪ በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ተቋቁሞ በ2017 በፈረንሳዩ ሎሬያል የተገዛ ስም ሲሆን፣ በፋርማሲዎችና በትልልቅ መደብሮች በቀላሉ ይገኛል። ክሬሙ በ14 ሚሊ ሊትር ገደማ ቱቦ የሚሸጥ ሲሆን ሴራማይድ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድና ኒያሲናማይድ ይዟል። ሴራማይድ የቆዳ ሕዋሳትን እርስ በርስ አያይዞ እርጥበት እንዳያመልጥ የሚያደርገው ስብ ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ውኃ ይዞ ያቆያል። ኒያሲናማይድ፣ ማለትም ከቫይታሚን ቢ3 ወገን የሆነው ንጥረ ነገር፣ የቆዳን መከላከያ ያጠናክራል፤ ሜላኒን ወደ ላይኛው ቆዳ የሚጓዝበትንም ሂደት በመጠኑ ይገታል። ሽቶ የለበትም፣ ሲቀቡት በፍጥነት ይሰርጋል፣ ከላዩ ሜካፕ ለሚቀቡም አያስቸግርም።

ችግሩ ደረቅነት ለሆነ ሰው፣ በተለይም የአዲስ አበባ ደረቅ ነፋስ በሚነፍስባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት የዓይን ሥሩ ለሚሰነጣጠቅና ለሚወጠር ሰው፣ ይህ ክሬም ጥሩ ምርጫ ነው። ደረቅ ቆዳ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች ብዙዎቹ እውነተኛ ሽብሽብ ስላልሆኑ እርጥበት ሲያገኙ ወዲያውኑ ይቀንሳሉ፤ ይህ ለውጥ ከተቀቡ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚታይ በመሆኑ ገዢው ያወጣው ገንዘብ ሥራ ላይ መዋሉን ያያል። ጥቁረትን በተመለከተ ግን ከፍ ያለ ተስፋ መያዝ አይገባም።

በዚህ ምርት ላይ ያለኝ ቅሬታ የዋጋው ስሌት ነው። ይኸው ኩባንያ ለፊት በሙሉ የሚሆን፣ ማታ የሚቀባ ቀላል ሎሽን የሚሸጥ ሲሆን፣ እሱም ሴራማይዶቹን፣ ሃያሉሮኒክ አሲዱንና ኒያሲናማይዱን ይዟል፣ ሽቶም የለበትም። በአሜሪካ የሚሸጠው ጠርሙስ 89 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ዋጋው ከትንሹ የዓይን ክሬም ብዙም አይርቅም። ቀድሞውኑ ያን ሎሽን የሚጠቀም ሰው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቆ ከዓይን ሥር ባለው አጥንት ላይ ጭምር ቢቀባው ሁለተኛ ዕቃ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። አቅም የማይፈቅድለት ሰውም ቢሆን ሽቶ የሌለበትን ተራ ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጎ ማታ ቢቀባ ለደረቅነት የሚያሳፍር ውጤት አያገኝም፤ ቫዝሊን እርጥበት እንዳያመልጥ በማገድ ረገድ የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ምርት ዘ ኦርዲነሪ በሚል ስም በቶሮንቶው ዴሲየም ኩባንያ የሚመረተው የካፌይን ሴረም ነው። 5 በመቶ ካፌይንና ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኝ ኢጂሲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ይዞ በ30 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ከማንጠባጠቢያ ጋር ይሸጣል። ዋጋው በአሜሪካ በ10 ዶላር አካባቢ በመሆኑ ከአራቱ ርካሹ እሱ ነው፤ ለዓይን ሥር ብቻ የሚቀባ ሰው ጠርሙሱን ቶሎ አይጨርሰውም።

ካፌይን የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠብባል። ስለሆነም ሲሳብ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚሆነው ጥቁረትና የጠዋት እብጠት ላይ ጥቅሙ ይታያል፤ የሚቆየው ግን ለሰዓታት ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ምሽት ሠርግ አምሽቶ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሴረሙ እንደ ውኃ ቀጭን በመሆኑ ብዙ ከተንጠባጠበ ወደ ዓይን ይፈስሳል፣ እርጥበት የማቆየት አቅሙም ደካማ ስለሆነ ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ከላዩ ሌላ ክሬም መደረብ ይኖርበታል። ቡናማ ጥቁረት ላይ ደግሞ ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙዎች ይህን ሴረም ገዝተው «ምንም አላደረገልኝም» የሚሉት ሴረሙ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ አብዛኞቻችን ያለን ጥቁረት ካፌይን የሚደርስበት ዓይነት ስላልሆነ ይመስለኛል። ለእብጠት ብቻ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ማሳረፍ፣ ማታ ጨው የበዛበት ምግብ መቀነስና ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ከሴረሙ የማያንስ ሥራ ይሠራሉ።

ሦስተኛውና ለአብዛኛው አንባቢ ይጠቅማል ብዬ የማምነው የዩሰሪን የዓይን ሥር ጥቁረት ክሬም ነው። አምራቹ ባየርስዶርፍ፣ ኒቪያን የሚሠራው የሐምቡርግ ኩባንያ ሲሆን፣ ክሬሙ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፋርማሲዎች በ15 ሚሊ ሊትር ይሸጣል። ዋነኛው ንጥረ ነገሩ ቲያሚዶል ይባላል። ሜላኒን የሚመረተው ታይሮሲኔዝ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት በመሆኑ፣ ጥቁረትን የሚቀንሱ ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ የሚያነጣጥሩት ይህን ኤንዛይም በመግታት ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት ለዚህ ዓላማ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮች ይፈተኑ የነበረው ከእንጉዳይ በሚገኝ ታይሮሲኔዝ ላይ ነበር፤ የእንጉዳዩና የሰው ኤንዛይም ግን አንድ አይደሉም፣ በአንዱ ላይ የሠራውም በሌላው ላይ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቲያሚዶል የተመረጠው በሰው ታይሮሲኔዝ ላይ ተፈትኖ ሲሆን፣ በ2018 ለገበያ ቀርቧል።

ይህን ክሬም ከሌሎቹ የማስቀድምበት ምክንያት ንጥረ ነገሩ አዲስ መሆኑ አይደለም። ጥቁረትን ከምንጩ ለመቀነስ ሲሞክር ቆዳውን እምብዛም አለማስቆጣቱ ነው። የሚያለሰልሱና ቁጣን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች አብረውት ያሉ ሲሆን፣ ብርሃን የሚበትኑ ቅንጣቶችም ስላሉት እንደተቀባ ወዲያው ትንሽ ፈካ ያደርጋል። እዚህ ላይ ገዢው መጠንቀቅ አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ፍካት የእነዚህ ቅንጣቶች ሥራ እንጂ የቲያሚዶል አይደለም፣ ሲታጠቡት አብሮ ይሄዳል። እውነተኛው የሜላኒን ቅነሳ የሚለካው ከሁለት እስከ ሦስት ወራት ባለ ጊዜ ውስጥ፣ በየቀኑ በትጋት ሲቀቡት ነው። በተመሳሳይ ብርሃንና በተመሳሳይ ቦታ በየጊዜው ፎቶ ማንሳት ከመስታወት የተሻለ ዳኛ ነው፤ መስታወት በየቀኑ የምናየውን ፊት ለውጡን ይደብቅብናል። በዘር የመጣን ጥቁረት ግን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ክሬሙን ሲያቆሙም ጥቁረቱ ቀስ በቀስ መመለሱ አይቀርም። ዋጋው ከሴራቪም ሆነ ከካፌይኑ ሴረም ከፍ ይላል፤ ጥቁረቱ የሜላኒን መሆኑን ላረጋገጠ ሰው ግን ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

አራተኛው ምርት በኮሪያው ቢዩቲ ኦፍ ጆሰን ስም የሚሸጠው የጂንሰንግና የሬቲናል የዓይን ሴረም ነው። በ30 ሚሊ ሊትር የሚቀርብ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ሽብሽብ ነው። ሬቲናልም ሆነ በስፋት የሚታወቀው ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ወገኖች ናቸው። ቆዳ ሁለቱንም ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ለውጦ ይጠቀምባቸዋል፤ ሬቲኖል ለዚህ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሬቲናል አንድ ብቻ ይቀረዋል። ሬቲኖይክ አሲድ የቆዳ ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ እንዲታደሱ፣ ቆዳን የሚያጸናው ፕሮቲን፣ ኮላጅንም እንዲመረት ያደርጋል። በክሬም ዓለም ውስጥ ለሽብሽብ እንደዚህ ወገን በሳይንስ የተደገፈ ሌላ ንጥረ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

በምርቱ ስም ላይ 2 በመቶ ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር ንጹሕ ሬቲናልን ሳይሆን ሬቲናሉን ያቀፈውን ሊፖሶም፣ ማለትም ጥቃቅን የስብ ከረጢት፣ የሚመለከት በመሆኑ፣ በውስጡ ያለው የሬቲናል መጠን ቁጥሩ ከሚያስመስለው በጣም ያነሰ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህን እንደ ማደናገሪያ እቆጥረው ነበር፤ ለዓይን ሥር ግን ማነሱ ለእኛ ይስማማናል። የቫይታሚን ኤ ወገኖች ሲጀመሩ ቆዳን ያደርቃሉ፣ ይልጣሉ፣ ያቀላሉ። ነጭ ቆዳ ላይ ይህ መቅላት ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሚያልፍ ሲሆን፣ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ከላይ እንደተባለው ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ መጀመር፣ ቆዳው ሲለምድ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ከሥሩ ወይም ከላዩ እርጥበት የሚሰጥ ክሬም ማድረግ ያስፈልጋል። ማቃጠል ከጀመረ «እየሠራ ነው» ብሎ መቀጠል ትልቅ ስሕተት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት የቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ክሬም ሁሉ መተው ይኖርባታል፤ የምታጠባም ሐኪሟን ሳታማክር ባትጀምረው መልካም ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ደንብ ፊት ላይ ተቀብተው በሚቆዩ ምርቶች ውስጥ ያለው የሬቲኖል መጠን ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሰውነት ሎሽን ላይ ደግሞ ወሰኑ 0.05 በመቶ ነው። አዲስ ወደ ገበያ የሚገቡ ምርቶች ከኅዳር 2025፣ ቀድሞ በገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ከግንቦት 2027 ጀምሮ ይህን እንዲያሟሉ ይጠበቃል፤ ወራቱም ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከሌላ አገር በሻንጣ የሚመጣ «1 በመቶ ሬቲኖል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሴረም በጭራሽ ለዓይን ሥር የታሰበ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ውድ ክሬሞች የምለው አጭር ነው። ላ ሜር የተባለው ስም ለ15 ሚሊ ሊትር የዓይን ክሬም ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። አቀራረቡ ያማረ፣ ሲቀቡትም ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተጠቀሱት ንጥረ ነገሮች የሚሠሩትን ያን ያህል እጥፍ አድርጎ የሚሠራበት ምክንያት የለውም። እንደ ስጦታ ይሰጥ፣ እንደ ሕክምና አይገዛ።

ከአራቱ የትኛውም ቢገዛ ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ካልተቀባ ድካሙ ከንቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል፣ ከምድር ወገብ ያለን ቅርበትም ይህን ያባብሰዋል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ብቻ ፀሐዩ ደካማ ይመስለናል። ለሜላኒን ጥቁረት ከአልትራቫዮሌት በተጨማሪ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጉዳት ስላለው፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበትና ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ቀለም የተቀላቀለበት ኤስፒኤፍ (ፀሐይን የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መከላከያ ከነጩ ይመረጣል፤ ነጩ በጠይም ፊት ላይ አመድ መስሎ ስለሚታይም ብዙዎች ትተውታል። ለዓይን አካባቢ ዚንክ ኦክሳይድን መሠረት ያደረጉት ዓይን እምብዛም አያቃጥሉም። ሰፊ የፀሐይ መነጽርና ባርኔጣ ደግሞ ምንም ሳይቀቡ የሚጠቅሙ ናቸው።

በመርካቶም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ኮስሞቲክስ ቤቶች ውስጥ «ያነጣል» ወይም «ያፈካል» እየተባሉ የሚሸጡ፣ አንዳንዶቹም የዓይን ሥር ጥቁረትን በሳምንት እንደሚያጠፉ የሚነገርላቸው ቱቦዎች አሉ። እንደዚህ ያለ ፍጥነት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሜላኒን እንዳይመረት ከሚገታው ሃይድሮኪኖን ወይም ከሜርኩሪ። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ስቴሮይዶች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ስሱን ቆዳ ይበልጥ ያሳሳሉ፣ የዓይን ግፊትን ጨምረው ግላኮማ፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። ሃይድሮኪኖን በአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ መዋቢያዎች ከታገደ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖታል፣ በአሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ይከለክላል። የይዘት ዝርዝር የሌለው ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል (የሜርኩሪ ውህድ ስም ነው) የሰፈረበት ቱቦ ያለ ድርድር መመለስ አለበት። እግረ መንገድ፣ ሎሚ ዓይን ሥር መቀባትም ከዚህ የተሻለ ምክር አይደለም፤ አሲዱ ያቃጥላል፣ ቃጠሎው ያጠቁራል።

ማሸጊያ ላይ «በዓይን ሐኪም የተፈተነ» ወይም «አለርጂ የማያስነሳ» የሚል ጽሑፍ ገዢን ብዙ ሊያሳምነው አይገባም፤ ለእነዚህ ቃላት በአሜሪካ ሕግ የተወሰነ መለኪያ የለም። ከዚያ ይልቅ የይዘት ዝርዝሩን አንብቦ ሽቶ አለመኖሩን ማየት፣ ማኅተሙ አለመከፈቱን ማረጋገጥ፣ የተከፈተ ብልቃጥ ምስል ውስጥ ያለውን ቁጥር መመልከት ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ክሬሙ ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወራት እንደሚያገለግል ያመለክታል። ጣት ከሚገባበት ብልቃጥ ይልቅ ተጨምቆ የሚወጣ ቱቦ ንጽሕናውን ይጠብቃል፤ ሬቲናልን የመሰሉ በብርሃንና በአየር የሚበላሹ ንጥረ ነገሮችንም ይከላከላል። የመጀመሪያውን ቅብ ዓይን ሥር ከማድረግ በፊት ከጆሮ ጀርባ ለተወሰኑ ቀናት መሞከር ብዙ ጸጸት ያስቀራል።

አቀባቡ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ለሁለቱም ዓይኖች የአንድ ሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል፤ በቀለበት ጣት፣ ሳይጎትቱ፣ ከሽፋሽፍት ራቅ ብሎ በአጥንቱ ላይ መታ መታ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ክሬም ሲሞቅ ወደ ላይ ስለሚዘልቅ ሽፋሽፍት ሥር ድረስ መቀባት ዓይን ያስለቅሳል፤ በጣም ወፍራም ክሬም ደግሞ ነጫጭ ጠጣር ጉብታዎች ሊያወጣ ይችላል። ኩል የሚኳሉ ሴቶች ኩሉን ማታ በሳሙና ፈትገው ከማስለቀቅ ይልቅ ትንሽ ቫዝሊን በተነከረ ጥጥ አሟሙተው ቢያነሱት የዓይን ሥራቸው ከመታሸት ይተርፋል። አንዳንድ ባህላዊ ኩሎች እርሳስ የተባለውን ብረት ስለሚይዙ ለሕፃናት ባይኳሉ ይመረጣል።

ክሬም ከመግዛት በፊት ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ቀኑን ሙሉ የማይጎድል የሁለቱ ዓይኖች እብጠት ከእግር ማበጥ ወይም አረፋ ከበዛበት ሽንት ጋር ከመጣ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዓይን ሥር መጥቆር ጋር ድካም፣ መገርጣትና የልብ ምት መፍጠን ካሉ የደም ማነስ መታየት አለበት፤ ብረት ያነሰው ሰው ቆዳው ሲገረጣ የደም ሥሮቹ ይበልጥ ስለሚጎሉ ጥቁረቱ በክሬም አይለቅም። ዓይኑን ዘወትር የሚያሳክከው ሰው የሚያስፈልገው የአለርጂ ሕክምና ነው፤ ማሻሸቱ ሳይቆም ቲያሚዶል መቀባት በአንድ እጅ እየገነቡ በሌላው ማፍረስ ይሆናል።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት በሚመጣ ዘመድ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው «የዓይን ክሬም አምጪልኝ» ብሎ ቢጽፍ ምን እንደሚመጣለት አይታወቅም፤ አንዱ የንግድ ስም ብቻውን አምስትና ስድስት የሚመሳሰሉ ቱቦዎች አሉት። የምርቱን ሙሉ ስም፣ ዋናውን ንጥረ ነገርና የሚሊ ሊትሩን መጠን ጽፎ፣ ከተቻለም የማሸጊያውን ፎቶ ጨምሮ መላክ ይሻላል። አራቱም ምርቶች ከ30 ሚሊ ሊትር ስለማይበልጡ፣ በእጅ ሻንጣ ለሚያዙ ፈሳሾች ከተወሰነው 100 ሚሊ ሊትር በታች ናቸው፤ በአንድ ግልጽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆነው ከተሳፋሪው ጋር ይመጣሉ።